ሶስት ያልተባለበት ዝግባ

ትናንት የካሜራውን ቦርሳ ስከፍት የደረቀ የዳማከሴ ሽታ ቡን ብሎ ወጣ። ጋሽ ሽፈራው ጉንፋን ካሜራንም የሚይዝ ይመስላቸው ነበርና በየኪሱ ቅጠል ይወሽቁበታል። ቦርሳው የእኔ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አራግፌዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ሽታው ግን ባለቤቱን አልረሳም። ያን ጊዜ ድንገት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ፤ ሹራቤን ገልብጬ የለበስኩ፣ ጣቶቼ በብርድ የደነዘዙ፣ እንቅልፌ ያልለቀቀኝ። ንዴቴም አብሮኝ ተመለሰ።

ጋሽ ሽፈራው ጎረቤታችን ነበሩ። እዚሁ አሰላ ሰላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ከፍተው የከተማውን ሰው ግማሹን በጉርድ፣ ግማሹን በሰርግ ልብሱ ያነሱ ሰው ናቸው። ስልክ ሁላችንንም ፎቶ አንሺ ሲያደርገን ቤቱን ዘጉና ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ መናፈሻው ወፎች ዞሩ። ዓይናቸውን ግን ሞራ እየጋረደው ስለነበር ወፏ የት እንዳረፈች የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። እናቴም ሳታማክረኝ እኔን ሰጠቻቸው። ቅዳሜና እሁድ፣ የጭላሎ ተራራ ገና በጉም እንደተሸፈነ፣ ጓደኞቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገላበጡ፣ እኔ ጭቃ አቦካ ነበር።

የምንፈልገው ሶሪት የምትባለውን ወፍ ነው። ሶሪት ስታርፍ አረንጓዴ ናት፤ ከመናፈሻው ዝግባ ቅጠል ለይቶ ማየት ራሱ ፈተና ነው። ክንፏን ዘርግታ ስትነሳ ግን ከስር እንደ በርበሬ የቀላ ነገር ቦግ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ጋሽ ሽፈራው ያንን ቀይ አንድ ጊዜ ማንሳት ፈለጉ። አዳማ ያለችው ልጃቸው እሷ ዘንድ መጥተው ዓይናቸውን እንዲታከሙና እዚያው እንዲቀሩ ወስናለች፤ እሳቸው ደግሞ ቀዩን ሳይዙ አሰላን ላለመልቀቅ ወስነዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጋሽ ሽፈራው ሳይቆጥሩ ፎቶ ማንሳት አይችሉም! ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠው «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትንቀሳቀስ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ትንፋሻችንን ውጠን፣ በጣቴ አሳይቻቸው፣ ካሜራው ተደግኖ ሁሉ ነገር ሲሰናዳ ያ የፎቶ ቤት ድምፅ «አንድ…» ይላል። «ሁለት…» ሲል ሶሪት ብን! እሳቸው ደንግጠው ይጫናሉ፤ የሚወጣው ባዶ ቅርንጫፍ ነው። ሶስትን እዚያ ዝግባ ስር ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ለምንድነው የሚቆጥሩት?»

«ሳላስጠነቅቃት ላንሳት? ነውር አይደለም እንዴ ሚጡ! ዓይኗን ጨፍና ብትወጣስ?»

ሳይቆጥሩ የቀሩ ዕለት ደግሞ ወተት ይዛ ወደ ገበያ የምታልፍ ሴት አትጠፋም። «አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ጋሼ! የሰርጌ ፎቶ እኮ ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው።»

«ባልሽ ግን ከዚች ወፍ ይብስ ነበር፤ ስንቴ ነው ዓይኑን የጨፈነብኝ!»

ሁለቱም ይስቃሉ፣ የልጆቹ ደህንነት ይጠየቃል፣ የላሞቹ ይጠየቃል፤ ወፏ እስከዚያ ጎረቤት ከተማ ሳጉሬ ደርሳለች።

ልጃቸው የቆረጠችላቸው ቀን ደርሶ የመጨረሻው እሁድ ሲሆን ካሜራውን ነጥቄ ያዝኩና «ዛሬ እኔ ነኝ የማነሳው፤ እርስዎ አይቆጥሩም» አልኳቸው። እንደ ተቀጣ ተማሪ ከንፈራቸውን ገጥመው አጠገቤ ቆሙ። ሶሪት መጣች፣ አረፈች፣ የዝግባውን ፍሬ መልቀም ጀመረች። ለቀመች። ለቀመች። ክንዴ ዛለ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፤ እሷ ቁርሷን በልታ ምሳዋንም ቀጠለች። ያቺ በአንድ ቃል የምትበር ወፍ ዝም ሲሏት ቤቷን ሠራችበት! እኔም በመጨረሻ አላስቻለኝም፤

«ኧረ ጋሼ፣ ይቁጠሩ!»

ታፍኖ እንደቆየ ሰው «አንድ!» አሉ፤ እጃቸውም አብሮ ወጣ። «ሁለት…» ሲሉ ቀዩ ቦግ አለ፤ ተጫንኩ።

ተያዘ! ጋሽ ሽፈራው ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «ቀይ ነገር ይታየኛል» አሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ማየት አልቻሉም። እኔን ያናደደኝ ከክንፉ ስር ሁለት ጣታቸው ተቀስሮ መግባቱ ነበር። በማግስቱ ካሜራውን ትተውልኝ አዳማ ሄዱ፤ እኔም ጣቶቹን ቆርጬ አወጣሁና ክንፉን ብቻ አሳትሜ ትምህርት ቤት ለጠፍኩት። ተጨበጨበልኝ። በዚያው ሞቅታ ካሜራውን ላጽዳ ብዬ ከነጣቶቹ ያለውን ፎቶም፣ ያንን ሁሉ ባዶ ቅርንጫፍም ደመሰስኩት። ማን ባዶ ቅርንጫፍ ያስቀምጣል?

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ሕክምናው ሲራዘም ቆይቶ ዓይናቸው ገና አሁን ተከፍቷል፤ ጋዜጣ ያለ መነጽር አነበብኩ ብለው እንደ ልጅ ፎከሩብኝ። ከዚያ «ስትመጪ ያነሳኋቸውን ሁሉ ይዘሽልኝ ነይ፤ ያኔ እኮ አንዱንም በወጉ አላየሁትም» አሉኝ። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር አዳማ እንሄዳለን። ሰው አንድ ጊዜ እንኳ «ይቅርብሽ፣ አትደምስሺ» አይለኝም? መቶ ገደማ ጠዋት ነበር እኮ እዚያ ውስጥ፤ ወተት የያዘችው ሴት ሳቅ ከጀርባው ያለበት፣ ጭጋጉ ያለበት፣ የእሳቸው ባርኔጣ ጫፍ የገባበት። እኔ ወፍ የለበትም ብዬ ጣልኩት።

እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ግን ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ዛሬ ጠዋት ካሜራውን ይዤ ወጣሁ፤ ቢያንስ ባዶውን ቅርንጫፍ ላንሳላቸው። ዝግባው ስር ስደርስ ሶሪት ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጣለች። እስክትነሳልኝ ጠበቅኳት። ለቀመች። እጄን አወዛወዝኩ፤ ዞራ አየችኝና መልቀሟን ቀጠለች። ያን ሁሉ ጊዜ አልገኝ ብላ ያስለቀሰችን ወፍ ዛሬ አልሄድ አለች!

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ድምፄን እንደ እሳቸው አወፈርኩት።

«አንድ…» ምንም። «ሁለት…» አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችኝ፤ ሌላ ድምፅ የምትጠብቅ ይመስል።

«ሶስት» አልኩ።

አልተነሳችም።