ታንኩን ማን ይድፋ

ካራቫኗን የገዛን ዕለት ለባለቤቴ አንድ ቃል ገባሁላት፤ አንቺ ታንክ አትነኪም አልኳት። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሰው አባትና የሰው እናት ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ስትቀይር ትውላለች። እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ እጄ ከመሪ በቀር የሚነካው የለም። የእሷ እጅ ግን በጓንትና በሳሙና ብዛት ብርዱ ሲገባ ይሰነጣጠቃል። ቅባት ስትቀባው ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። እና ቢያንስ በዕረፍቷ የሰው ቆሻሻ ከእጇ ይራቅ ብዬ ነው። ወላሂ ከልቤ ነበር።

ካራቫን ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በመኪና የምትጎተት፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው መቀመጥ ያለበት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ከአንድ ሽማግሌ በርካሽ ገዛናት። ኦስሎ፣ ትቬይታ ሰፈር፣ ፎቃችን ሥር ሳቆማት አንድ የወሎ ልጅ የሆነ ወዳጃችን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ ቤት እያላችሁ ጋሪ ውስጥ ልታድሩ ነው ወይ ብሎ ሳቀብን። ሌላው ሰው ካራቫኑን እስከ ስፔን ድረስ ይጎትታል። እኛ ከቤታችን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ኦስሎ ዳር ጫካው ሥር ካለ ካምፒንግ ወስደን እናቆማትና ሦስት ሳምንት እንቀመጣለን። ባለቤቴ ከዚያ አልፋ መሄድ አትፈልግም። ጫካው ይበቃኛል፣ ስፔን ምን አለኝ ትላለች።

ብታንስም ቤት ናትና የሚገባ ውኃ አላት፣ የሚወጣም ውኃ አላት። የሚወጣውን የሚቀበሉ ሁለት ታንኮች አሉ። አንዱ ከሆዷ ሥር የሚቀመጥ፣ ሁለት ጎማና መጎተቻ እጀታ ያለው ነው፤ የእጅና የዕቃ እጣቢ እሱ ውስጥ ይወርዳል። ሁለተኛው ከሽንት ቤቷ መቀመጫ ሥር ያለው ነው፤ በውጭ በኩል ትንሽ በር ከፍተው እንደ መሳቢያ ይስቡታል። ኖርዌጂያኖቹ ካሴት ይሉታል። በእኛ ጊዜ ካሴት መንዙማ የሚቀዳበት ነበር፤ ስሙን ስሰማ እስከ ዛሬ ትንሽ ይከፋኛል። ሽታውን እንዲያጠፋ ሰማያዊ ፈሳሽ በጠርሙሱ ክዳን ተለክቶ ይጨመርበታል። ሲሞላ ውስጥ ቀይ መብራት ይበራል። ያኔ ከመታጠቢያ ቤቶቹ ጀርባ ወዳለው መድፊያ ተሸክሞ መሄድ ነው።

የእኛ ታንክ ቶሎ ይሞላል። አጠገባችን በየዓመቱ የሚያርፍ አንድ ጡረተኛ ኖርዌጂያዊ አለ። እሱና ሚስቱ ካሴታቸውን በአራት ቀን አንዴ ሲደፉ እኔ በሁለት ቀኑ እመላለሳለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙ ከታገሠ በኋላ፣ በትሕትና፣ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ሁለት ነን ስለው ዓይኑ ወደ መስኮታችን ሄደ። የደበቅነው ዘመድ ያለ ሳይመስለው አልቀረም። እየሳቅሁ አስረዳሁት፤ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እናደርጋለን፣ ሽንት ቤትም የምንጸዳው በወረቀት ሳይሆን በውኃ ነው፣ እኛ የውኃ ሰዎች ነን አልኩት። ረጅም ጊዜ አሰበበት። በማግስቱ የማይጠቀምበትን ባለ ጎማ ታንክ አጥቦ አመጣና፣ ለእናንተ ያስፈልጋል ብሎ ሰጠኝ።

ሥራውን ወድጄው ነበር። የታንክ ሱሪ የምለው አሮጌ ሱሪ አለኝ፤ ጠብታ ነክቶኝ ሶላቴ እንዳይበላሽ እሱን ለብሼ እሄዳለሁ። መድፊያው ጋ ወንዶቹ ይገናኛሉ፤ ታንካቸውን እያለቀለቁ ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ መንገዱ ያወራሉ። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ታንኬን እየጎተትኩ ሳልፍ፣ ሰውዬው አገር ሊያቀና ሄደ እያለች ትቀልድብኛለች። ያንን እግሯን ዘርግታ መቀመጧን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ባለፈው ዓመት፣ በዕረፍታችን በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ሽንቴ ቀይ ሆኖ አየሁት።

ቀይ ሥር ነው አልኩ። ባለቤቴ ትናንቱን የቀይ ሥር ሰላጣ ሠርታ ሳህኑን ጠርጌ በልቼ ነበር። በማግስቱም ቀይ ሆነ። ስለዚህ ቀይ ሥር አትሥሪ፣ ሆዴን እየነፋኝ ነው አልኳት። ቅር አላት፤ የምትሠራው ለእኔ ብላ ነው እንጂ እሷ ያን ያህል አትወደውም። ሰላጣው ቀረ፤ ቀዩ ግን አልቀረም። አንድ ቀን ይጠፋና ደስ ሲለኝ በማግስቱ ይመለሳል። ደግሞ ሕመም የለውም። ሕመም የለውም እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለስንቱም ተናግሬዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስጨንቀኝ። ይህች ሴት ዓመቱን ሙሉ በሽተኛ ስታነሣ ስትጥል ከርማ የወጣችው ለሦስት ሳምንት ነው። ብነግራት ዕረፍቷ እዚያው ላይ ያበቃል። ከዚያም በኋላ፣ ከሥራ ስትመለስ ሌላ በሽተኛ ቤት ቁጭ ብሎ ሊጠብቃት ነው። ለእሷ አዝኜ እንጂ ፈርቼ አይደለም እል ነበር ለራሴ። ፈርቼም ነበር።

የገባሁላት ቃል ጥሩ መደበቂያ ሆነኝ። ታንኩን የምነካ እኔ፣ የምደፋ እኔ፣ የማጥብ እኔ። የሽንት ቤቱ ሳህን ሲከፈት ከሥር ያለው ስለሚታይ ሰማያዊውን አበዛሁት። አንድ ክዳን የነበረው ሦስትም አራትም ሆነ። ቀዩ ሰማያዊው ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል፣ አይለይም። ጠርሙሱ በሳምንት አለቀና ሌላ ገዛሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦ ልገዛ ወደ ካምፒንጉ ሱቅ ሄድኩ። ለካ እኔ እንደወጣሁ መብራቱ በርቶ ኖሯል። ስመለስ ባለቤቴ ካሴቱን ራሷ ስባ አውጥታ፣ በነጠላ ጫማ፣ በሁለት እጇ አንጠልጥላ ወደ መድፊያው ስትሄድ አየኋት። ልታግዘኝ ብላ ነው። ዳቦውን ጥዬ "ተዪው!" ብዬ ጮኽኩ። የካምፒንጉ ሰው ሁሉ ዞረ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ከወንበሩ ብድግ አለ። በትዳራችን እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ከእጇ ነጥቄ ሄድኩ፤ ሱሪዬን እንኳ አልቀየርኩም። ዘወር ብዬ ሳይ እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ደፍቼ፣ አለቅልቄ፣ ሆን ብዬ ዘግይቼ ተመለስኩ። የካራቫኗ መረገጫ ላይ ተቀምጣለች። የጣልኩትን ዳቦ አንሥታ፣ አራግፋ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ቀይ ሥር አትሥሪ ካልከኝ ጀምሮ ነው ወይስ ከዚያም በፊት?"

አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ የረጋ ነገር አለው ወይ፣ ያቃጥላል ወይ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ሰማያዊው ጠርሙስ ቶሎ ማለቁንም አይታ ነበር፤ ሽታው አስቸግሮት ይሆናል ብላ ትታው ነው። ሥራ ቦታዋ ስንቱ ሽማግሌ የረጠበ ልብሱን ፍራሽ ሥር እንደሚደብቃት ነገረችኝ። የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ከእኔ ግን አልጠበቀችም።

"እንድታርፊ ብዬ ነው" አልኳት።

"ናይ" አለች፣ በኖርዌጂያኖቹ ቋንቋ አይደለም ለማለት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። "አላሳረፍከኝም። እንዳላይህ ከለከልከኝ እንጂ።"

ከዚያ ተነሥታ ዳቦውን ልትቆርጥ ገባች። እኔ መረገጫው ላይ ቀረሁ። ጎረቤታችን ቀስ ብሎ መጣና ሁሉ ደኅና ነው ወይ አለኝ። ታንኩ ከብዷት ነው ብዬ ዋሸሁት። እሱም ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ባዶ የማር ብልቃጥ አጥባ ሰጠችኝ። ከእንግዲህ እዚህ ውስጥ ነው፣ ካሴቱ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም አለችኝ። ሽንቴን የያዘውን ብልቃጥ ይዤ ስወጣ ጎረቤታችን ከፊት ለፊቴ መጥቶ ደኅና አደርክ ሲለኝ ከጀርባዬ ደበቅሁት። እሷ ከኋላዬ መጥታ ከእጄ ወሰደችው። ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጋ፣ እያዟዟረች አየችው። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ ፋስትለገዬ፣ ሁልጊዜ ወደሚያየኝ ሐኪም፣ ራሷ ደወለች። ዕረፍታችን ያን ዕለት አበቃ። ካራቫኗን ለመመለስ ስናሰናዳ ሁለቱንም ታንክ እኔ ደፋሁ፤ እሷም አልከለከለችኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሆስፒታል ፊኛዬን በካሜራ አዩት፤ ትንሽ ዕጢ ተገኘና አወጡልኝ። ካንሰር ነው አሉ። ሥር ሳይሰድ ነው የተገኘው አሉ። ሊመለስ ስለሚችል በየሦስት ወሩ እየመጣህ ትታያለህ አሉ። ሁለት ወር ዘግይቼ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ሐኪሟን ልጠይቅ ነበር፤ ባለቤቴ ጉልበቴን ያዝ ስታደርገኝ ተውኩት።

ለጥቂት ቀን የሽንት ከረጢት ተሰክቶልኝ ቤት ገባሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ባለቤቴ ጓንቷን አድርጋ፣ መቀበያ ይዛ፣ አልጋዬ አጠገብ ተንበረከከች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ታንክ አትነኪም ያልኩ ሰው ራሴ ታንክ ሆኜ ተኛሁ እያልኩ ተናደድኩ። እሷ ግን ሥራዋን ያዘች። ከመንካቷ በፊት አሁን ልነካህ ነው ትለኛለች። እጇ አይቸኩልም። ቱቦው እንዳይስበኝ በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ትከፍታለች። ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችውና፣ ከትናንቱ ፈካ ብሏል አለችኝ። ደስ እንዳላት ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር ሥራዋን ያየሁት ያን ጠዋት ነው። እኔ ቆሻሻ መሸከም ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሷ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሰው ነበር የምታየው፤ ማን እንደደከመ፣ ማን እንደተሻለው፣ ማን ምን እንደደበቀ። አዘንኩላት ብዬ ሙያዋን ንቄባት ኖሬያለሁ። ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩ። ያመመኝ መስሏት ይበልጥ ቀስ አለች።

ዘንድሮም ካራቫኗን ጎትተን እዚያው ቦታችን አቆምናት። ያን ቀን ታንኩ ከብዷት ነው ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ ሕመሜንም፣ ለጎረቤታችን ነገርኩት። በዚያ ዕለት የእኔንም ባለ ጎማ ታንክ ከራሱ ጋር ጎትቶ ሄደ። ካሴቱን አሁን ቀድሞ መብራቱን ያየ ሰው ይደፋዋል። እሷ የወሰደችው ቀን እኔ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ያሳፍረኛል፤ ግን እቀመጣለሁ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አዲስ ልማድ አለን። ሽንት ቤት ገብቼ ከጨረስኩ በኋላ፣ ውኃውን ከመልቀቄ በፊት በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ነይ እዪልኝ እላታለሁ። ቤቷ ጠባብ ናትና ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አሳልፋታለሁ። ጎንበስ ብላ ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ከሐፍረት የተነሣ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የማየው፤ አሁን የእሷን ፊት አያለሁ። ምንም አትለኝም። ሽንት ቤት ውስጥ የአላህ ስም አይጠራምና፣ ቀና ብላ፣ አልፋኝ፣ ከበሩ እስክትወጣ ድረስ መጠበቅ አለብኝ። አንድ እርምጃ ናት፤ ትረዝምብኛለች። ከበሩ ማዶ "አልሃምዱሊላህ" ስትል ነው ውኃውን የምለቀው።

አንድ ቀን እንደገና ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞቹ አልደበቁኝም። ያን ቀን ግን ብቻዬን አላየውም።