ሁለት ሰው የሚፈልገው ሳጥን

በሰው አገር፣ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር የሠራሁበት ቤት ጌቶች ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። እኔ ስቀጠር አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ፣ አንደበታቸውም ከተያዘ ዓመት አልፎት ነበር። ባለቤታቸውን ሐጃ እላቸዋለሁ። ሐጃ ባላቸውን በእጃቸው ያጎርሳሉ፣ ልብስ ይቀይሩላቸዋል፣ የመድኃኒት ሰዓት አያሳልፉም። ግን አጠገባቸው አይቀመጡም። ጉዳያቸውን ጨርሰው ብድግ ነው። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳየው፣ መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጡ ከብዷቸው ነው።

አንድ ቀን ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ አቧራው ዕቃ ቤት ድረስ ገባ። እሱን ስጠርግ ከሻንጣዎች ሥር አንድ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ሳጥን አገኘሁ። ግራና ቀኙ ላይ የሚዞሩ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ ከጀርባው ሽቦ ወጥቷል። ሬዲዮ መስሎኝ ወደ ሳሎን ይዤው መጣሁ።

«ሐጃ፣ ይጣል?»

«ኸላስ፣ ጣይው። ያረጀ የልጆች መጫወቻ ነው።»

ሽማግሌው ግን ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ። ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንዱን ቁልፍ ወዲያ ወዲህ እያዞሩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ሐጃ ደነገጡ። ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ አባትየው ለትምህርት ከሄዱበት አገር ያመጡት እንደሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር እንደሚያያዝ ነገሩኝ። «ሲጫወቱ ጩኸታቸውን እሰማለሁ እንጂ እኔ ነክቼው አላውቅም። ማድ ቤት ነበርኩ» አሉ።

የሳሎኑ ቴሌቪዥን ዘመናዊ ነው፤ ብንሞክረው ምንም አላሳየም። በሩን የሚጠብቁት የጎንደር ሰው ግን ክፍላቸው ውስጥ ጀርባው የተቆዘረ የድሮ ቴሌቪዥን አላቸው።

«ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ያውሱኝ» አልኳቸው።

«ውሰጂው ልጄ፤ የሚያሳየውም ጭረት ብቻ ነው» ብለው ራሳቸው ተሸክመውት መጡ። የሳጥኑን ሽቦ አያይዘው የጣቢያ መፈለጊያውን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ሁለት አጫጭር ነጭ መስመሮችና በመካከላቸው የምትሮጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አሉ። ነጥቧ መስመሩን ስትነካ ሳጥኑ «ጢው» ይላል። ጨዋታው ይኸው ነው፤ ኳስ መመላለስ።

ለብቻ ግን አይጫወቱትም። ቁልፎቹ ሁለቱም እዚያው ሳጥኑ ላይ ስለሆኑ ተጫዋቾቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው መቀመጥ አለባቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ የወሎ ሙስሊም ልጅ ነኝ፤ ከሰው ባል ጋር እንዴት ብዬ እንደዚያ እቀመጣለሁ?

«ሐጃ ይምጡ» አልኩ።

«እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ማንም አያይዎትም፤ በሩን እዘጋዋለሁ።»

አመነቱ፣ አመነቱና የተጠቀለሉበትን ረጅም ቶብ ሰብስበው ከባላቸው ጎን ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ ሐጃ ለባላቸው አዝነው ኳሷን ሆን ብለው ያሳልፉ ነበር። ሦስተኛዋ ስታልፍ ሽማግሌው ቁልፉን ለቀቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሐጃ ገባቸው።

«እሺ፣ እንግዲህ አልምርህም» አሉ። አልማሯቸውምም። ሲሸነፉ ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳል የተቀላቀለበት፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ። እዚያ ቤት ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ ከዐስር ሶላት በኋላ ያለው የአመሻሽ ጊዜ የጨዋታ ሆነ። ዘበኛውም ቴሌቪዥናቸውን መልሱልኝ አላሉም። አንዳንድ ቀን ሽማግሌው በታመመው እጃቸው ይሞክራሉ። ያኔ ሐጃ የራሳቸውን ቁልፍ ትተው እጃቸውን በባላቸው እጅ ላይ ይጭኑና አብረው ያዞሩታል፤ በወዲያኛው ወገን ኳሷ እንዳሻት ታልፋለች። የሽማግሌው እጅ ብዙም አልዳነም። አንደበታቸውም ከሁለት ሦስት ቃል አላለፈም።

ለዒድ ሴት ልጃቸው ከዱባይ መጣች። ገና ግቢው ውስጥ ሳለች የሳሎኑን ጩኸት ሰምታ በድንጋጤ ሮጠች። እናቷ «አጭበረበርክ!» ይላሉ፤ አባቷ «ላ! ላ!» እያሉ ይክዳሉ። በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ሳትገባ ተመልሳ እኔ ዘንድ ማድ ቤት መጣችና በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ሻይ ልውሰድላቸው?» አለች።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት፤ «ይጨርሱ።»