አባባ ሞተር ሲያሟሽ

አባቴን ጋራዥ ውስጥ «ጋሽ ቀስበል» ይሉታል። አዲስ ሞተር ያስገጠመ ሁሉ ለማሟሸት የሚያምነው እሱን ነው። መጀመሪያ ጭነት የሚባል አያስነካውም። ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ፣ ማርሹን ቅይርይር እያደረገ ያለማምደዋል፤ ዘይቱን ቶሎ ያስቀይራል፤ በአንደኛ ማርሽ ማዝገምን ደግሞ «ሞተር መቀቀል ነው» ብሎ ያወግዛል። ሞተሩ ከተንተፋተፈ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ «ምን ሆንክብኝ የኔ ልጅ?» ይለዋል። እኔን እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት እሱ ነው። መኪና ሲያስተምረኝ በጩኸት ሐሞቴን አፍስሶት፣ ይኸው ፀጉሬ ከግንባሬ መሸሽ ጀምሮም መሪ መያዝ እፈራለሁ።

ታናሽ እህቴ ከእኔ ትሻላለች። ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት በሹፌርነት ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል፤ የቀራት የነገው የመንጃ ፈቃድ ፈተና ብቻ ነው። አባባ ሞተሯን ገና በቀየረላት የቤታችን መኪና ሊያለማምዳት ሲወጣ፣ እንዳይበላት ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችውና ሞተሩ ጠፋ። ሌላ ያጠፋችው ነገር የለም። አባባ ቱግ አለ። ደደብ አላት። አዲሱን ሞተር ልትገድልበት እንደሆነ፣ ነገም ወድቃ እንደምታዋርደው ነገራት። ደግማ አስነሣች፤ ደግሞ ጠፋባት። ውረጂ አላት። ወረደች። ነገ አልፈተንም ብላ በእግሯ ሽቅብ ወደ ቤት ተያያዘችው።

እርር ድብን አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የዋጥኩትን አወጣሁት።

«አባባ፣ ሞተር ሲንገራገጭብህ እንዲህ ትጮህበታለህ?»

«ብረት ይሰማል እንዴ?» አለኝ በንዴት።

«እሷ ግን ትሰማለች።»

አባባ ወደ መሪው ተሻግሮ ሞተሩን አስነሣና ተከተላት። ጥሩምባ አልነፋም፤ ግቢ አላላትም፤ ይቅርታ የምትባለዋን ቃልማ ከየት ያመጣታል። እሷም ዞር ብላ አላየችውም። ዳገቱን በእርምጃዋ ልክ፣ በአንደኛ ማርሽ አዘገምነው። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያንባርቁብናል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበርና ሆን ብዬ ነገርኩት።

«አባባ፣ ሞተሩ እየሞቀ ነው።»

«ይሙቅ» አለ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ።