አገርነሽና ሦስቱ የሸክላ ኩባያዎች

የብርነሽን ድስት ያልጣደ ቤት በሶዶ ጥቂት ነው። ብርነሽ ራሷ ግን ከደጃፍ አልፋ የገባችባቸው ቤቶች ከዚያም ያንሳሉ። ጭናሻ ናት፤ ወላይታ ውስጥ ሸክላ ሠሪዎች የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ሥራዋን ይገዟታል፤ ከንፈሯ በነካው ኩባያ ግን አይጠጡም።

ዛሬ በተበላ ከተማ ሒሳብ የምታስተምረው ልጇ አገርነሽ ስምንተኛ ክፍል የገባችው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነበር። በዚያ ዓመት አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። በእረፍት ሰዓት ስታልፍ ቶማ የሚባል የክፍሏ ልጅ ቆሎውን በመዳፉ ይከድንና «ደብቁ፣ ቡዳዋ መጣች» ይላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ለእናቷ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቱን ትታ ሸክላ ላይ እንደምትቀመጥ ነገረቻት። ብርነሽ ጭቃዋን ማሸቷን ቀጠለች።

በዓመቱ አጋማሽ ፍሬሕይወት ከቢጠና ተዛውራ መጣች። አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ባዶውን ቦታ አይታ ተቀመጠችበት፤ ለምን ባዶ እንደሆነ የነገሯት በኋላ ነው።

«ቡዳ ከሆንሽ እኔን እስካሁን ለምን አልበላሽኝም?» አለቻት። «ከሲታ ሆኜብሽ ነው?»

አገርነሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ቁማርተኛ በሦስት ቆርኪና በአንድ ቦሎቄ «የቱ ሥር ነው?» እያለ ሰው ያታልላል። ተመልካቹ ሁሉ ዓይኑን ቆርኪው ላይ ይተክላል። አገርነሽ ያየችው ጣቱን ነው፤ ሸክላ ሲሠራ ዓይን የሚከተለው ጣትን ነውና። ቦሎቄው ከቆርኪው ሥር ሳይሆን በጣቶቹ መካከል ነበር። ከእናቷ ጭቃ ሦስት ትንንሽ ኩባያ ሠራች፤ ብርነሽም ምንም ሳትጠይቅ ከድስቶቹ ጋር ተኮሰችላት። ፍሬሕይወት ቦሎቄውን ማግኘት እስኪያቅታት ድረስ አገርነሽ ተለማመደች።

ፍሬሕይወት ሳታማክራት ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ትርኢት አስመዘገበቻት። አገርነሽ ተቆጣች።

«ቡዳ በሚሉኝ ሰዎች ፊት ቦሎቄ ላጥፋ? ማስረጃ ልስጣቸው?»

«አጥፊው» አለች ፍሬሕይወት። «ከዚያ የት እንዳለ አሳዪያቸው።»

በዕለቱ አገርነሽ መድረክ ላይ ኩባያዎቹን አቀያየረች፤ ከወላጆቹ መካከል አንዱ አንድ ኩባያ ጠቆመ፤ ባዶ ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ባዶ። አገርነሽ የመጀመሪያውን ዳግም ስታነሣው ቦሎቄው ሥሩ ተገኘ። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ የቶማ ድምፅ መጣ፦ «አላልኳችሁም?»

ፊት የተቀመጡት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። መውጫው በቅርብ ነበር፤ አገርነሽ ግን አልወጣችም።

«ቶማ፣ ና። እጄን እያየህ ቁም።»

እምቢ ቢል ፈራ ይባላል፤ ስለዚህ መጣ። ቀስ ብላ ደገመችው፤ መሀል ላይ ስትደርስ ጣቶቿን ከፈተች። ቦሎቄው እዚያ ነበር፤ ሁሉም አየው። ከዚያ ኩባያዎቹን ወደ ቶማ ገፋች። እናቱ ተሰብሳቢው መካከል ተቀምጣለች። ኩባያውን በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘው፤ ቦሎቄው ወደቀበት። አዳራሹ ሳቀ። አገርነሽ አልሳቀችም።

«በሙሉ እጅህ ያዘው» አለችው። «እንደዚህ ከያዝከው አይሆንም።»

በሙሉ እጁ ያዘው። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ቦሎቄው ከፊተኞቹ ዓይን ተሰወረ። ጭብጨባው ያኔ መጣ።

ከመድረክ ወርደው ሲቀመጡ ፍሬሕይወት ከኩባያዎቹ በአንዱ ውሃ ቀዳች። አገርነሽ ጠጣች፤ የተረፈውን ፍሬሕይወት በአባቷ ፊት ጨለጠችው። አገርነሽ ደግማ ቀዳችና ለቶማም ዘረጋችለት፤ አልጠማኝም አለ። አልለመነችውም። ራሷ ጠጣችው።

በሳምንቱ ለእናቷ ሐሳቧን እንደቀየረች ነገረቻት፤ መስከረም ሲጠባ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች፣ ሸክላ የምትሠራው ቅዳሜ ብቻ ነው። ብርነሽ ከጭቃዋ ቀና ሳትል «እንግዲያው በዚህ ቅዳሜ ሥራ አለሽ» አለቻት፦ ቶማ የሚባል ልጅ መጥቶ ሦስት ትንንሽ ኩባያ አዟል፤ ለመጠጫ እንዲመቹ ጠርዛቸው ቀጭን ይሁን ብሏል።