የወንድሜ ቁመት፦ ከልደታ ሐዋሳ ደርሶ መልስ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ልደታ

ሐዋሳ የሄድኩት ሐይቁን ለማየት አይደለም። ወንድሜ መሞት አለመሞቱን በዓይኔ ለማረጋገጥ ነው።

ታናሼ ሳምሶን ሐዋሳ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነው። ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ የቤት አከራዩ ጋሽ ደሳለኝ ደወሉ። «ሳምሶን ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞታል። ከተመቸሽ ብቅ ብትዪ» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አጠገብሽ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ለጉንፋን ማን «አጠገብሽ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል? እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ቀጥሎ «በርትቶበታል»፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ በር ያንኳኳል።

ልደታ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሟች ከተቀበረ በኋላ «ፈርሞ» ቤት የሸጠበትን ውል በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰው ሲያወራኝ ከተናገረው ይልቅ ያልተናገረውን ነው የማዳምጠው። እናቴ «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያለች ትቀልድብኛለች።

ለእሷ ግን «ሐዋሳ የሁለት ቀን ሥልጠና አለብኝ» አልኳት። ከልደታ ማርያም ኪዳን አስደርሳ መመለሷ ነበር። ጠበል የያዘውን ጠርሙስ እያስቀመጠች «በሰላም ያግባሽ» አለችኝ፤ ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ጓዳ ስትገባ ከሳጥኑ ጥቁሩን ነጠላ አውጥቼ ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት።

ቃሊቲ፣ ሦስት ሰዓት

በታክሲ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስን አልፌ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ «ሐዋሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፤ ገብቼ ስቆጥር ሰባት ወንበር ባዶ ነው። እስኪሞላ ተቀመጥን።

በፈጣኑ መንገድ እስከ ሞጆ ነፋስ ነው። ከሞጆ በኋላ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በመንገዱ ዳር ተቆልሎ አየሁ። ዝዋይ ለምሳ ወረድን። ሁሉም የተጠበሰ ዓሣ አዘዘ፤ እኔ ውኃ ብቻ ገዛሁ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ ነበር። ዚፑ ተከፍቶ የነጠላው ጫፍ ወጥቷል።

«ለቅሶ ነው ልጄ?»

«ሥልጠና ነው» አልኳቸው።

«አይ!» ብለው ከዓሣቸው ቆርሰው ወረቀት ላይ አድርገው ሰጡኝ። ሳልበላው ሻሸመኔ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ሐዋሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጋሽ ደሳለኝ መናኸሪያው ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ብቻቸውን አይደሉም፤ ኮት የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው ቆመዋል። መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይመጣም።

«እንኳን ደህና መጣሽ። መጀመሪያ እህል ቅመሺ» አሉኝ።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ሞቷል?»

«ኧረ በስመ አብ! ታሟል አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ለምን ያበሉኛል? እኛ ጋ መርዶ ከመነገሩ በፊት ነው ዘመድን የሚያበሉት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በኋላ እንደተረዳሁት የሳምሶን የግቢ ጎረቤቶች ናቸው፤ የመጡትም እኔን ለማጽናናት ነበር። መጽናናት የምፈልግ መሆኔን ማን እንደነገራቸው ግን አልገባኝም። ምሳውን ትቼ በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ባለ ባጃጁ መቶ ብር አለኝ፤ ስንጨቃጨቅ ሰባ ላይ ተስማማን።

ሳምሶን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። የሳንባ ምች ሁለቱንም ሳንባዎቹን አቃጥሏቸዋል፤ በአፉ ቱቦ ገብቶ ማሽን ያስተነፍሰዋል። ሽፋን ጋውን አልብሰው አስገቡኝ። ዓይኑ ተከድኗል፣ ደረቱ ግን ይነሣል፣ ይወድቃል። ማሽኑ ከሆነ የሚተነፍሰው እሱ የት አለ? እግሩን ከአንሶላው ሥር ፈልጌ ጨበጥኩት፤ ይሞቃል። የሞቀ እግርም ማሽኑ አሙቆት ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ።

ሲስተር ራሔል የምትባል ነርስ እስክሪብቶ ይዛ ቀረበች።

«እህቴ፣ የወንድምዎ ቁመት ስንት ነው? ጋሽ ደሳለኝ አንድ ሜትር ከሰማንያ ብለዋል፤ ለማረጋገጥ ነው።»

የተኛ ሰው ቁመት የሚጠየቀው ለሬሳ ሣጥን ነው።

እውነቱን አውቀዋለሁ። ልደታ የቤታችን መቃን ላይ የሁለታችን ቁመት በእርሳስ ተጽፏል። ሳምሶን በእግሩ ጣት እየቆመ ሲያጭበረብር እናቴ ትከሻውን ተጭና ለመጨረሻ ጊዜ ለክታ የጻፈችው አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት ነው። እሱ ግን ላገኘው ሰው ሁሉ ሰማንያ ነኝ ይላል። እኔም በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜን ጠባብ ሣጥን ውስጥ እንዳያጨናንቁት።

«አዎ» አልኳት። «አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው።»

ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት

ስገባ በሆዱ አስተኝተውታል። ፊቱ ትራሱ ውስጥ ገብቷል፤ የማየው ጀርባውንና የማሽኑን ቱቦ ብቻ ነው። ፊቱን ደበቁብኝ አልኩ በልቤ። ማሽኑን አየሁ። ትናንት አራት መቶ ሃምሳ የነበረው የአየሩ መጠን ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት ሆኗል።

«አየሩን ለምን ቀነሳችሁበት?» ብዬ ጮህኩ። «ለሌላ ሰው ልትሰጡት ነው? ተስፋ ቆርጣችሁበት ነው?»

ዶክተሩ መጣ። ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። አልተቆጣም፤ ይሄም አጠራጠረኝ።

«ሳንባው በአብዛኛው ውኃ ሞልቶት ተዘግቷል» አለኝ። «ክፍት ሆኖ የሚሠራው የሕፃን ሳንባ የሚያህል ነው። የትልቅ ሰው ትንፋሽ ብንገፋበት ያችኑ የቀረችውን እንጎዳታለን። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ እንሰጠዋለን። ሲያስወጣም ጨርሶ ባዶ እንዲሆን አንተወውም። እርጥብ ፌስታል አንዴ ከተጣበቀ ለመክፈት ያስቸግር የለ? በሆዱ የተኛውም በጀርባው በኩል የተዘጋው እንዲከፈት ነው።»

«ይህን በጽሑፍ አላችሁ?»

ሲስተር ራሔል የአልጋውን መዝገብ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

በሥራዬ ዓይን ነው ያነበብኩት። የሚዋሽ መዝገብ ንጹሕ ነው፤ አንድ እጅ፣ አንድ ቀለም፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። ይህኛው የአራት ሰው እጅ ጽሑፍ አለበት፣ ሰዓቱ አለ፣ በየመስመሩ ፊርማ አለ። መሐል ላይ አንድ ስርዝ አገኘሁ። የተሰረዘው ሳይጠፋ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዟል፣ አጠገቡ ተፈርሟል። እንዲህ ይላል፦ «ቁመት 180፣ በእህቱ ቃል።» ከሥሩ፦ «168፣ በሜትር ተለክቶ። የትንፋሹ መጠን ተስተካክሏል።»

«ሳንባ በውፍረት አያድግም» አለች ሲስተር ራሔል ቀስ ብላ። «መጠኑን የምናሰላው በቁመት ነው። ሲተኛ አጭር መሰለኝና በሜትር ለካሁት።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሐሰተኛ ቃል ስፈልግ ኖሬ፣ እዚያ መዝገብ ላይ ያገኘሁት ሐሰተኛ ቃል የራሴ ነው። አፈርኩ። ለሣጥን መስሎኝ ነው አልኳት። ፊቷን አዞረች። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አላወቅኩም።

«ጎዳሁት?» አልኩት ዶክተሩን።

«ቶሎ ደርሰንበታል» አለ። «ይድናል ብዬ ግን አልዋሽዎትም። አላውቅም።»

«አላውቅም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አመንኩት።

የሚቀጥሉት ቀናት

እያገላበጡት፣ አንዴ በሆዱ አንዴ በጀርባው፣ ሰነበተ። ለእናቴ «ሥልጠናው ተራዘመ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ በጣም በረጋ ድምፅ፤ እርጋታዋ አላማረኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን ቱቦው ወጣ። ሳምሶን መጀመሪያ የጠየቀው ውኃ ነው፣ ቀጥሎ የፈተና ወረቀቱን ማን እያረመ እንደሆነ። ከጋሽ ደሳለኝ ጋር ምሳ በላሁ፤ ዓሣ ነበር፣ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

በመልሱ አውቶቡስ ላይ ያሰብኩት ይህ ነው፦ ክፉ ወሬን እያቆራረስን የምንነግረው ለመራራት ብለን ነው፤ ግን ያ ርኅራኄ እኔን ከሞት በላይ አስፈራኝ። እኔም ያንኑ ለእናቴ አድርጌዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልደታ

ቤቱ ታጥቧል። ወንበሮቹ ሁሉ፣ የጎረቤትም ጭምር፣ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። እናቴ መሐል ተቀምጣለች።

«ጥቁሩን ነጠላ ይዞ ሥልጠና የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

«እማዬ፣ ሳምሶን በጠና ታሞ ነበር። አሁን ድኗል።»

«በርትቶበታል በይኛ።»

«ድኗል አልኩሽ!»

«እሺ ልጄ። ጎረቤቶቹን አንቺ ጠርተሻቸዋል ወይስ እኔ ልጥራ?»

በልደታ ማርያም ማልኩላት፤ አላመነችኝም። ስልክ ደወልኩ። ቱቦው ጉሮሮውን ልጦት የሳምሶን ድምፅ የሽማግሌ ሆኗል፤ በየሁለት ቃሉ ያርፋል። እናቴ አዳምጣ ስልኩን ልትመልስልኝ ዘረጋች።

«ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም። ማንን ነው የቀጠርሽው?»

ከዚያ ዓይኗ የበሩ መቃን ላይ፣ የእርሳሱ ምልክት ላይ አረፈ። ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

«አንተ ሰውዬ» አለች። «ቁመትህ ስንት ነው?»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ ሳል።

«አንድ ሜትር… ከሰማንያ።»

«እሱ ነው!» ብላ ጮኸች እናቴ። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «እሱ ነው፣ ውሸታሙ ልጄ ነው! አትናገር በቃ፣ አትናገር። ትንሽ ትንሽ ተንፍስ።»

እሷ እያዳመጠችው ወንበሮቹን ለጎረቤት መመለስ ጀመርኩ።