ደሳለኝ የተረከበው ከበሮ
የጥምቀት ዕለት መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ታቦት ስናጅብ፣ እኔና ሚስቴ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ጎን ጎን እየሄድን ነበር። እስከ አምና ከበሮውን የምመታው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ደሳለኝ ለሚባል፣ ነጠላውን እንኳ በቅጡ ማጣፋት ለማያውቅ ጎረምሳ ተሰጠ።

ሚስቴ በስልኳ እየቀረጸች፣ «ውይ፣ ሲጫወተው ደስ ሲል!» አለች።

«ከበሮ ይመታል እንጂ አይጫወቱትም!» አልኳት። ይህቺ ቃል ድሮም ታበግነኛለች፤ ለደሳለኝ ስትሆን ደግሞ ባሰብኝ።

ከጎናችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «የሚመታስ አህያ ነው፤ ከበሮ ይደለቃል» ብለው ጣልቃ ገቡ።

«ድለቃ የሠርግ ነው፣ አባባ!» ብዬ ጮኽኩ። ተያያዝን። ድምፃችን ከመዝሙሩ በላይ ሲሆን ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ደሳለኝም ጭምር።

ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ከበሮውን ካንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ክንዴ ዝሏል፤ እስኪ ይቀበሉኝ።»

እንደዚያ ቀን መትቼ አላውቅም። ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ዘለልኩ። ሚስቴም ከፊት ከፊት እየሄደች ስልኳን አላወረደችም። ልቤ ሞላ።

ቤት እንደገባን፣ «እስኪ አሳዪኝ» አልኳት።

ከፈተችው። የሚሰማው የኔ ከበሮ ነው፤ የሚታየው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያጨበጭብ የነበረው ደሳለኝ ነው።