ቱንቢ እና ጠባቡ በር

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ የግድግዳና የበር ቀጥ ማለት የሚታይበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። እሱም አናጢነት ከጀመረ አንስቶ ትንሽ የተዛነፈ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰው ሊጠይቅ ሄዶ፣ ከሰላምታው በፊት በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ "ይሄ ማጠፊያ ወርዷል" የሚል ሰው ነው። ከጣሪያ ላይ ወድቆ ህብለሰረሰሩ ከተጎዳ በኋላም ይህ ጠባዩ አልለቀቀውም። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፣ አይሰማውምም፤ እጁና ምላሱ ግን እንደ ድሮው ናቸው። የሥራ ጠረጴዛውን እግር ቆርጦ አሳጠረና፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጓሮ ባለችው ክፍል በርና መስኮት ይሠራል።

እንግዲህ ለሰፈሩ ሁሉ በር የሚሠራው ይህ ሰው በገዛ ቤቱ ሽንት ቤት መግባት አይችልም። በሩ ጠባብ ነው። ወንበሩ ደጃፉ ላይ ይቀርና እሱ መሬት ወርዶ በክንዱ እየተጎተተ ሲሚንቶውን ያቋርጣል፤ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ቤት ካለ ደግሞ ተሸክሞት በጎን ይገባል። ጢም ያወጣ ትልቅ ሰው፣ ሽንት ቤት መግባት ባሻው ቁጥር "ጋሼ የት ሄደ?" እያለ ይጣራል። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንንም ሳይጠራ ገብቶ በሩን ከውስጥ መዝጋት።

ታዲያ ለምን ግድግዳው ፈርሶ በሩ አይሰፋም? እኔም ታናሽ እህቱ አፌ እስኪደርቅ ጠይቄያለሁ። መልሱ ስቴም ሴል ነው።

ይህን ስቴም ሴል የሚባል ነገር ቤታችን ያስገባው ጋሼ ነው። ስልክ ጠጋኝ ስለሆነ፣ የሰው ስልክ ልሞክር እያለ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ይውላል። ገና ምንም ያልሆነ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊያድግ የሚችል ሴል አለ፤ እሱን አባዝተው የተጎዳው ህብለሰረሰር ውስጥ ሲያስገቡት ነርቩን ሊጠግን ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ተመራማሪዎች እየሞከሩት ነው። ውሸቱ የሚጀምረው ጋሼ "እየሞከሩት ነው" የምትለዋን ዘሎ ለእማዬ ሲያወራላት ነው። አንድ ቀን የኋላ እግሮቿ ሽባ የነበሩባት አይጥ ስትራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ይዞ መጣ። እማዬ እልል አለች። ለአይጥ!

"አየህ ልጄ? ተራመደች እኮ!"

"እንኳን ደስ አላት" አለ ቱንቢ። "እኔ ግን አይጥ አይደለሁም፣ እማዬ። አይጥ ብሆን በዚያ በር እገባ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ለወንበሩ ተብሎ ቋሚ ነገር አይሠራም የሚል ሕግ ቤታችን ውስጥ ወጣ። ደረጃው ላይ የሚጣለው ሳንቃ እንኳ እሱ ባለፈ ቁጥር ይነሳል። ግድግዳ ማፍረስማ ለእማዬ የለየለት ሟርት ነው። "ዕድሜ ልክህን በዚህ ወንበር ኑር ብዬ በእጄ ልፈርምብህ?" ትለዋለች። ጋሼም ያግዛታል።

"ዛሬ አፍርሰን ነገ በእግሩ ቢሄድስ?"

"በእግሩ የሚሄድ ሰው ሰፊ በር ያንቀዋል እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት።

"አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ።"

ቱንቢ ክርክሩ ሲሰለቸው በሩን ራሱ ሠራው። ሰፊ፣ እንደ መስታወት የተላገ፣ እጀታው ዝቅ ብሎ ከወንበር ላይ የሚደረስበት በር። እማዬ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እኔ መጋረጃ በመስፋት ነው የምተዳደረው፤ ከትራፊው ጨርቅ አንዱን መርጣ ወሰደችና በሩን አለበሰችው። በሩ ሳሎን ግድግዳ ተደግፎ፣ ጨርቁን ተከናንቦ ቆመ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ የሰማይዋን ላም እየጠበቀ የምድሯን ማለብ የተወ ሰው ያየሁት ግን እኛ ቤት ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ጋሼ እውነተኛ ወሬ ይዞ መጣ። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ለስቴም ሴል ጥናት ህብለሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች እየተመዘገቡ ነው፤ ጉዳታቸው የቆየም ጭምር። እኔ እንኳ፣ ነገር አብዢዋ፣ ልቤ ዘለለ። እማዬ ስትጸልይ ትጠብቀን ብለን ሦስታችን ሄድን።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፣ ምን ይሰማሃል እያለች ጠየቀችው፣ ከዚያ "በሆድህ ተኛልኝ" ብላ መጋረጃውን ሳበች። ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል።

"ይሄን ቁስል ማን ያውቃል?" አለች።

መቀመጫው ላይ ነው። ወደ አጥንቱ የቀረበ ጥልቅ ቁስል።

"ሱሪዬ ላይ ደም አይቼ ነበር" አለ ቱንቢ ከመጋረጃው ጀርባ። "አያመኝም፤ ምን አውቄ? ደግሞስ መቀመጫዬን ለማን ላሳይ? ለእናቴ?"

"ቤት ውስጥ መሬት ለመሬት የሚጎተትበት ቦታ አለ?"

ጋሼ ጫማውን ያያል። "ሽንት ቤት" አልኩ እኔ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበትን ሰው ጥናቱ እንደማይቀበል፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ ከገባ ሊገድለው እንደሚችል ነገረችን። መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን አለች። እስከዚያ ግን ምዝገባው ያልቃል።

"ባይቆስል ኖሮስ?" አለ ጋሼ።

"እመዘግበው ነበር። ምርመራውን እንደሚያልፍ ቃል አልገባም። ቢያልፍም እንደሚራመድ ቃል አልገባም። ግን እመዘግበው ነበር።"

ስንመለስ መኪና ውስጥ ያወራ የነበረው ቱንቢ ብቻ ነው። "የሆስፒታሉን ሽንት ቤት አያችሁት?" ይላል። "ቀጥ ብዬ ገባሁ። ዘጋሁት። እጄን ታጠብኩ። አንድም ሰው አላንኳኳብኝም።" ጋሼ መሪውን ይዞ እንባው ይወርዳል። እኔ ማንን እንደምሰድብ ጠፋኝ።

ቤት እንደደረስን እማዬ ከደጅ "ተመዘገበ?" አለችኝ። ማለሳለስ አላውቅበትም። "ይድናል ብለን ያላሰፋነው በር አቁስሎታል፤ በቁስሉ ምክንያት መለሱት" አልኳት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች ወጥታ አንድ ግንበኛ ራሷ ይዛ መጣች።

ግድግዳው ፈረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ቱንቢ አሁን ወንበሩ ላይ መቀመጥ ተከልክሏል። ቁስሉ እስኪሞላ በሆዱ ይተኛል። ከአልጋው ሆኖ ግንበኛውን ቁም ስቅሉን ያሳየዋል፤ "ቱንቢ ጣልበት! በዓይንህ አትመነው!" እያለ። በሩ ተገጠመ፣ አማረ፣ ሰፊ ሆነ። በወንበር የሚገባበት ሰው ግን የለም። ጋሼ አሁንም ተሸክሞት ይገባል፤ ከልማዱ የተነሳ አሁንም በጎን።

"ጋሼ፣ ቀጥ በል እንጂ! ለማን ነው የሰፋው?" ይለዋል ቱንቢ ትከሻው ላይ ሆኖ።

ቁስሉን የምታጥብለት ነርስ ቤት ድረስ ትመጣለች። ትናንት እማዬ ሳህኑን ይዛላት ቆማ ነበር። ስለ ሴልም፣ ስለ አይጥም፣ ስለ እግርም አላነሳችም። ነርሷ ፋሻውን አስራ ስትጨርስ እማዬ ጠጋ ብላት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጄ፣ መቼ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጥልኝ?" አለቻት።

ቱንቢ ሰምቷል። ቀልድ ይመልሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ትራሱን አቅፎ ፊቱን ቀበረበት።